ሊኑክስ በሜይንፍሬም ላይ

ሊኑክስ በሜይንፍሬም ላይ ማለት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮችን ጎን ለጎን የማሠራት ዘዴ ነው። እነዚህ ሰርቨሮች የየራሳቸው ማሽን ስለሌላቸውና በሶፍትዌር ብቻ ስለሚፈጠሩ ምናባዊ ሰርቨሮች ይባላሉ። ሜይንፍሬምን በተለይ ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና መንግሥታት ይጠቀሙበታል። ዋናው አምራች የአሜሪካው አይቢኤም ነው።

አሠራር

ዜድ/ቪኤም የተባለው ፕሮግራም የማሽኑን ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ዲስክ ለምናባዊ ሰርቨሮቹ ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ሊኑክስ ሙሉ ኮምፒውተር ለብቻው እንደያዘ ሆኖ ይሠራል። አብዛኛው ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ሥራ ስለማይበዛበት፣ አንዱ ሥራ ሲፈታ ፕሮሰሰሩ ለሌላው ይሰጣል። ቁጠባው የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሥራ ከበዛባቸው ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ታሪክ

ዘዴው ከሊኑክስ ይቀድማል። አይቢኤም ቪኤም/370ን ያስተዋወቀው በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ያወጣው በ1991 ነው። ሊኑክስን ከኤስ/390 ማሽኖች ጋር የሚያስማማውን ኮድ አይቢኤም በ1999 መጨረሻ ይፋ አደረገ። በ2000 ይፋ በሆነ ሙከራ አንድ ማሽን 41,400 ሊኑክሶችን በአንድ ጊዜ አስነሣ። ይህ የማሽኑን አቅም ወሰን ያሳየ እንጂ የዕለት ተዕለት ሥራ ልክ አልነበረም። በዚያው ዓመት የስዊድኑ ቴሊያ 70 የዩኒክስ ሰርቨሮችን በአንድ ሜይንፍሬም ለመተካት ማቀዱ ተገለጸ። በ2015 አይቢኤም ሊኑክስን ብቻ የሚያሠራውን ሊኑክስዋን አወጣ።

ወቅታዊ ክርክር

ደጋፊዎች የቦታን፣ የመብራትንና የሶፍትዌር ፈቃድን ወጪ ያነሣሉ። አንዳንድ ሶፍትዌር በፕሮሰሰር ቁጥር ስለሚሸጥ፣ የፕሮሰሰሮች ማነስ ክፍያውንም ያሳንሳል። ሁሉን በአንድ ማሽን ማከማቸት ግን አደጋ አለው፤ ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርግ ድርጅት በሌላ ቦታ ሁለተኛ ማሽን ያቆማል፣ ይህም ከቁጠባው ላይ ይቀነሳል።

ከዚህ የሚከብደው በአንድ ሻጭ ላይ መንጠልጠል ነው። ብሮድኮም በ2023 ቪኤምዌርን ገዝቶ የፈቃድ አሻሻጡን ሲለውጥ፣ በተራ ሰርቨሮች ላይ የሚሠሩ ደንበኞችም ይህን ችግር ቀምሰዋል። በሜይንፍሬም ግን ሻጩ ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም ይይዛል። አይቢኤም በ2019 ሬድ ሃትን ስለገዛ፣ ከታወቁት የሊኑክስ ስሪቶች አንዱም የእሱ ሆኗል።

መውጫው ሊኑክስ ራሱ ነው። ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም እንደገና ተገንብቶ ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ሊሻገር ይችላል፤ ኮዱ የተዘጋ ፕሮግራም ግን ሻጩ ካልፈቀደ አይሻገርም። ስለዚህ ድርጅቶች ወደ ሜይንፍሬም ከመግባታቸው በፊት ስንት ሰርቨር እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከፕሮግራሞቻቸው ስንቱ ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችልም መቁጠር ይኖርባቸዋል።