የኮምፒውተር ዓምድ፦ የእድሩ መዝገብ በምን ይሠራ?

ኮምፒውተር ከሚማሩ ወጣቶቻችን አንዱ፣ «የእድራችንን መዝገብ በድረ ገጽ ልሠራ ነው፤ በጃንጎ ልጀምር ወይስ በሪአክት?» ሲል ጠይቆናል።

ሁለቱም ምሰሶና ማገሩ ቆሞ እንደሚጠብቅ ቤት ናቸው፤ ምርጊቱ ያንተ ነው። ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም። ጃንጎ የተጀመረው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ በአንድ የከተማ ጋዜጣ ቢሮ ሲሆን በ2005 እ.ኤ.አ. በነፃ ተለቀቀ። ለሚጣደፍ ጋዜጣ ስለተሠራ የይለፍ ቃሉም የአስተዳዳሪው ገጽም አብሮት ይመጣል። ፌስቡክ በ2013 ያወጣው ሪአክት የሚሠራልህ የሚታየውን ገጽ ብቻ ነው፤ መዝገቡን ከሌላ ታመጣለህ። በተለመደው አሠራሩ ደግሞ ገጹ የሚሰናዳው እዚያው ስልኩ ላይ ስለሆነ፣ አሮጌ ስልክ ይዛ ዳታ በትንሽ በትንሹ ለምትገዛ እናት ይከብዳል።

ስለዚህ ጃንጎን እንመክርሃለን። መመሪያው አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል፤ መዝገቡም በኤስኪውላይት አንድ ፋይል ስለሆነ በአሮጌ ላፕቶፕ ትለማመድበታለህ። (ፒኤችፒ የሚያውቅ ጎረቤት ካለህ ግን ላራቬልም አይከፋም፤ ሲቸግርህ የምትጠይቀው ሰው ታገኛለህ።)

ከሁሉ የሚያሳስበን ስሙ ነው። መዝገቡ ውስጥ ተደብቀው ከአገር የወጡ ሰዎች አሉ። «ዲበግ» የሚባለውን ቅንብር ሳታጠፋ ለሰው እንዳትከፍተው፤ ስህተት ሲፈጠር የውስጡን ዘርግፎ ያሳያል። የትውልድ ቀበሌንማ ጭራሽ አትመዝግብ። ለቀብር መዋጮ ምን ያደርጋል?