«ፎርማት ይደረግ» የሚሏችሁን አትመኑ

ፍላሹ ተሰካ፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ባለሙያ ነኝ ባዩ ስክሪኑን አየት ያደርግና «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነው። ሂሳብም ይከፈላል! ሰው ንብረቱን አስጠፍቶ፣ ከፍሎ፣ አመስግኖ የሚወጣበት ሥራ ሌላ የት አለ?

የሾርትከት ቫይረስ ፋይል አይበላም። ፋይላችሁን ይደብቅና በቦታው የራሱን ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ፎልደር የከፈታችሁ መስሏችሁ ስትጫኑት ቫይረሱን ታስነሱታላችሁ። ያላመነ ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስን ይይ። ሾርትከቶቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ኪሎባይት ናቸው። ታዲያ 3 ጊጋባይት ተይዟል ካለ ምን ይዞት ነው? ፋይላችሁ ነዋ!

ማውጫው አንድ መስመር ነው። ሾርትከቶቹን ሳትጫኑ ሲኤምዲ ክፈቱ። ፍላሹ በኤፍ ገብቷል እንበል። በእንግሊዝኛ ፊደል አትሪብ ብላችሁ ጻፉ (ቲዋ ሁለት ናት)። ከዚያ በየመሀሉ ክፍት ቦታ እየተዋችሁ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ አር፣ ማይነስ ኤስ፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ። መጨረሻ ላይ፣ አሁን ሳትለያዩ፣ ኤፍ ኮሎን ባክስላሽ ኮከብ ነጥብ ኮከብ። ኢንተር። ኤች መደበቂያውን፣ አር «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን፣ ኤስ የሲስተም ፋይል የሚያስመስለውን ምልክት ያነሳል፤ ሁለቱ ስላሾች ፎልደሮቹንና በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ያዳርሳሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ስለሚከት እንዲህ ያለ ነገር ብቅ ካለ ክፈቱት። ትእዛዙ ከዶስ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ዳውንሎድ የለ፣ ክራክ የለ፣ ብር የለ።

«ፎርማት ግን ቫይረሱን ያጠፋል» የሚለኝ አይጠፋም። ከፍላሹ አዎ። ከኮምፒውተሩስ? ያ በሽተኛ ኮምፒውተር እዚያው ተቀምጦ ፍላሹ ነገ ሲሰካ ያው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል? መጀመሪያ ኮምፒውተሩ በአንቲቫይረስ ይጸዳ፣ ፋይሉ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ፎርማት ብታደርጉት እኔም አልከራከርም። (ተጠንቅቀው የሚሠሩ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነሱን አይመለከትም።)

ቀድሞ ፎርማት የተደረገባችሁ ደግሞ ፍላሹ ላይ ምንም አትጻፉበት፣ አንድ ዘፈን እንኳ። ኩዊክ ፎርማት ከሆነ የጠፋው ማውጫው እንጂ ይዘቱ ስላልሆነ፣ በነፃ የሚገኙት ሪኩቫና ፎቶሬክ ብዙውን ሊያወጡት ይችላሉ። ኩዊክ የሚለው ምልክት ተነስቶ ሙሉ ፎርማት ከተደረገ ግን፣ ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ ዲስኩን በዜሮ ስለሚሞላው፣ ያን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያወጣው ሰው የለም።