ከሺልሻሎ በኋላ መሬቱን ባዶ አንተወው

የዛሬው ምክር ብቻ ሳይሆን የራሴም አቋም ነው፤ የማይስማማ ይሞግተኝ።

በቆሎን በበቆሎ ላይ እየደጋገምን መዝራታችን መሬቱን እየጨረሰው ነው። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ድሮም አሲድ ያጠቃዋል። ማሳውን ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባዶውን ለፀሐይና ለከብት ኮቴ ሰጥተን ስናበቃ "መሬቱ ደከመ" ብንል ማንን እንወቅሳለን?

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛ ባለሙያዎች "ማሳው ንጹሕ ይሁን፣ በቆሎ ብቻ በመስመር" እያልን በቆሎው ላይ የሚጠመጠመውን አደንጓሬ ያስነቀልንበት ጊዜ አለ። እኔም አስነቅያለሁ። አንዲት እናት "ልጄ፣ ይሄ እኮ የልጆቼ ወጥ ነው" ብለውኝ አልሰማኋቸውም። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ጥራጥሬ ሥሩ ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። ዩሪያ የምንገዛውም ለዚሁ ናይትሮጅን ነው። ማየት የሚፈልግ፣ ተክሉ አበባ ሲይዝ አንዱን ከነሥሩ ያውጣና እባጩን በጥፍሩ ይክፈለው። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠራም። አሲዱ የበረታበት መሬት ኖራ ካላገኘ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ግብጦ ግን አሲዱን ይችላል። አያቶቻችን የደከመ መሬት ላይ ግብጦ ይዘሩ የነበረው ለቆሎና ለአረቄ ብቻ አይመስለኝም።

ላብላብ (ደጋ ላይ ቬች) የምትዘሩት በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ሺልሻሎው እንዳለቀ፣ በመስመሮቹ መሃል ነው። ቀድሞ ከተዘራ በቆሎው ላይ ወጥቶ ያንቀዋል። ቱፎርዲ ለመርጨት ያሰበ አይድከም፣ መድኃኒቱ ጥራጥሬውንም ይገድለዋል። ሲደርስ ደግሞ እባካችሁ እጨዱት እንጂ አትንቀሉት፣ ሥሩ እዚያው ይቅር። ዝናብ የሚያጥራችሁ ቆላ ያላችሁ፣ ውኃ ይሻማልና በትንሹ ሞክሩ።

ዋናው ጣጣ ግን ልቅ ግጦሽ ነው። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት ነው፤ ላብላቡ ለምለም ሆኖ ሲታይ የጎረቤት በሬ ከባለቤቱ ይቀድማል። ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን አይወጣውም። እኔ እንደማምነው፣ የአንድ ጎጥ ሰዎች "እስከዚህ ወር ከብት አይለቀቅም" ብለው ካልተስማሙ የኛ ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው። ላብላቡ ታጭዶ ለበሬው ቤቱ ድረስ ሊመጣለት ይችላል እኮ! እስኪስማሙ ድረስ ከቤት አጠገብ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ፣ ግማሽ ቃዳ ይበቃል።

ዩሪያውን በመጀመሪያው ዓመት አትቀንሱ፤ ጥራጥሬው ወዲያው አይተካውም። ከጎኑ ጥራጥሬ የሌለው ጥቂት መስመር ትታችሁ የሚቀጥለውን ዓመት በቆሎ አስተያዩ። ዘንድሮ የሚሞክር ካለ ግን ዘሩን ከአሁኑ ያፈላልግ፣ የላብላብ ዘር በየሱቁ አይገኝም።