የሲጋራ ፋብሪካው ትምህርት ቤትና የአቃቂ ልጆች

መቼም በጠዋት ተነስቶ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የቆመ ሰው ይህን ትዕይንት አይስተውም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የተማሪ ሰርቪስ የሚባሉት ሚኒባሶች በየቅያሱ እየገቡ ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዲት እናት በአንድ እጇ የአራት ዓመት ልጇን፣ በሌላው እጇ ከልጁ የሚከብደውን ቦርሳ ይዛ እየሮጠች ትደርሳለች። ልጁ ዓይኑን በቅጡ አልገለጠም። እሷ ግን የማታውን የቤት ሥራ ታስከልሰዋለች። ‹‹ኤ ፎር?›› ‹‹አፕል።›› ‹‹ቢ ፎር?›› ‹‹ባት።›› ባት ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት አያውቅም። እኛ ባየነው የኬጂ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል የክሪኬት ዱላ ነው። ክሪኬት! አፕሉንም ቢሆን የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ ቤታቸው የሚገባው ሙዝ ነው።

እናትየዋን አንወቅስም። ከደሞዟ ቆርሳ የምትከፍለው ልጇ ከእሷ የተሻለ እንዲኖር ነው። የምንወቅሰው ይህንን ‹‹ጥራት ያለው ትምህርት›› ብሎ የሚሸጥላትን ነው። አራት ዓመት ልጅን ወንበር ላይ አስሮ በባዕድ ቋንቋ ፊደል ማስቆጠር ትምህርት አይደለም። ልጅነትን በወር ክፍያ መንጠቅ ነው። ለዚህ ክርክራችን ምስክር የምንጠራው ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማትጠብቁትን ነው፤ አንድ የሲጋራ ፋብሪካ።

እ.ኤ.አ. በ1919፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ውስጥ ዋልዶርፍ አስቶሪያ የሚባል የሲጋራ ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ኤሚል ሞልት ይባላል። ይህ ሰው የሠራተኞቹ ልጆች እንደ አባቶቻቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው ከትምህርት ወጥተው ፋብሪካ እንዲገቡ አልፈለገም። ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለውን ኦስትሪያዊ ፈላስፋ ጠርቶ ‹‹ለሠራተኞቼ ልጆች ትምህርት ቤት ክፈትልኝ›› አለው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከ250 በላይ ልጆች ይዞ ተከፈተ። አብዛኞቹ የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ሴትና ወንድ፣ የአለቃ ልጅና የትምባሆ ጠቅላይ ልጅ አንድ ክፍል ተቀመጡ፤ በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ‹‹ዋልዶርፍ›› የሚለው ስም የመጣው ከዚያው ፋብሪካ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚህ መንገድ የሚያስተምሩ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ።

አቃቂስ ምንድን ነው? የፋብሪካ አገር አይደለም እንዴ? የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የባቡሩ ጣቢያ ሰፈር፤ ሰው ሦስት ፈረቃ እየገባ ልጅ ያሳደገበት ሰፈር። የሽታይነር ትምህርት ቤት የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር ልጅ ነበር ለማለት ነው።

እስቲ አንድ ቀን እዚያ እንዋል። ጠዋት መምህሯ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርታ እጁን ትጨብጣለች። ሃምሳ ልጅ ቢሆን ሃምሳውንም። ከዚያ ግጥም በጋራ ይባላል፣ ይዘመራል፣ በጭብጨባና በእግር ምት ቁጥር ይቆጠራል፤ የማባዛት ሠንጠረዡ በእግር ይገባል ማለት ነው። ቀጥሎ ‹‹ዋና ትምህርት›› የሚሉት ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ክፍለ ጊዜ አለ። አንድ ርዕስ ተይዞ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት በየጠዋቱ ይሄዳል፤ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ፣ ተረት ከሆነ ተረት። እንደኛ አርባ ደቂቃ ሳይንስ፣ ደወል፣ አርባ ደቂቃ እንግሊዝኛ፣ ደወል የሚባል ጥድፊያ የለም። አንደኛ ክፍል በመጀመሪያው ቀን የሚማሩት ምን መሰላችሁ? ቀጥ ያለ መስመርና ጎባጣ መስመር። በቃ። ከዚያ ፊደል ከሥዕል ውስጥ እየወጣ ይመጣል፤ ተረቱ ይነገራል፣ ሥዕሉ ይሳላል፣ ከሥዕሉ ፊደሉ ይገኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ይህ ዘዴ ለእኛ ፊደል የተሰፋ ልብስ ይመስለናል። ‹‹በ›› በግዕዝ ስሙ ቤት ነው፤ እዩት እስቲ፣ ጣራና ሁለት ምሰሶ። ‹‹ዐ›› ዐይን ነው፤ ክብ ነው። ስንቶቻችን ነን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ይህን ሳናውቅ የወጣን? ሥዕሉ ፊደሉ ውስጥ ተቀምጦ እያለ እኛ ልጆቻችንን ክሪኬት እናስጠናለን።

ወደ ቀናችን እንመለስ። የታተመ መማሪያ መጽሐፍ እምብዛም የለም። ልጆቹ የተማሩትን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ይስላሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ በእጃቸው የሠሩት መጽሐፍ አላቸው። ከሰዓት በኋላ እጅ ይሠራል። አንደኛ ክፍል ወንዱም ሴቱም ሹራብ ይሠራል፣ በሰም ቅርጽ ያበጃል፣ ዋሽንት ይነፋል። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ መሬት ቆፍረው ይዘራሉ፣ ያጭዳሉ፣ ቤት እንዴት እንደሚሠራ በእጃቸው ይሞክራሉ። በታችኞቹ ክፍሎች ነጥብ የለም፣ ደረጃ የለም። ‹‹ከክፍል ስንተኛ ወጣህ?›› የሚባል ጥያቄ የለም። ወላጅ የሚያገኘው መምህሯ ስለ ልጁ የጻፈችውን ደብዳቤ ነው። ከተቻለ ያቺው መምህርት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብራቸው ታድጋለች። እኛስ? በአንድ ዓመት ሦስት የክፍል ኃላፊ ተቀያይሮብን፣ ስማችንን ሳያውቅ ‹‹አንተ እዛ ጋ ያለኸው›› ብሎን የሄደ መምህር ሁላችንም እናስታውሳለን።

አሁን ‹‹ይሄማ የፈረንጅ ቅንጦት ነው›› የሚል አይጠፋም። እኛ ግን የለመድነው ነገር ነው እንላለን። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ አያቶቻችንን ጠይቁ። የቄስ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጣ፣ ሠላሳኛ ወጣ የሚባል አልነበረውም። አንዱ ልጅ ፊደል ላይ፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ላይ፣ ጎበዙ ዳዊት ላይ ሆኖ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሁሉም በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ መምህሩም ያው አንድ የኔታ ናቸው። (አለንጋቸውን አንናፍቅም! በቃል መሸምደዱንም እንዲሁ።) ትምህርት ቤት ማለት የባዕድ ቋንቋ ማለት ነው የሚለው ነገር ስር የሰደደው በኋላ ነው። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራኑ ግብጻውያን ነበሩ፤ ዋናው ሥራውም አገሪቱ የምትፈልጋቸውን ቋንቋ አዋቂዎች ማፍራት ነበር። ለዚያ ዘመን ምክንያት ነበረው። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ልጅ ተምሯል የምንለው እንግሊዝኛ ሲያወራ ብቻ ነው። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ያወራ ልጅ እንደሚቀጣ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወላጅ አለ? ልጁ እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ስለተናገረ ይቀጣል፤ እናቱ ደግሞ ለዚያ ትከፍላለች። ጉድ እኮ ነው።

ስለ ዕድሜውም እንነጋገር። ሽታይነር ልጅ ማንበብና መጻፍ መማር ያለበት የወተት ጥርሱ መቀየር ሲጀምር፣ በሰባት ዓመቱ ገደማ ነው ይላል። ያኔ ሰው ሳቀበት። ፊንላንድ ግን ዛሬም አንደኛ ክፍል የምታስገባው በሰባት ዓመት ነው። የእኛው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ያለው ሰባት ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ያለውም እሱው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ፣ ቃሊቲ በር ላይ የሚሸጠው ሌላ። በወረቀቱ መሠረት መጫወት የነበረበት የአራት ዓመት ልጅ ስፔሊንግ ይፈተናል፤ ከዚያ በስድስት ዓመቱ ካባ ለብሶ ከኬጂ ‹‹ይመረቃል››። ካባ! ገና ጥርሱ አልወለቀም።

ውጤቱን ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል፤ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ኬጂ ነው አንልም፤ ጦርነቱም፣ የመምህሩ ደሞዝም፣ ኩረጃውም አለበት። ነገር ግን በአራት ዓመቱ መሮጥ የጀመረ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያ ሁሉ ጥድፊያ የት ለመድረስ ነበር?

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን የእጅ ነገር ነው። አቃቂ ጨርቅ ሲሠራ የኖረ ሰፈር ነው። ነገር ግን እዚያው አድጎ እንዝርት ይዞ የማያውቅ፣ ክር ከጥጥ እንደሚመጣ ያላየ ልጅ ሞልቷል። በዚህ ላይ ‹‹ካልተማርክ ሸማኔ ትሆናለህ›› እየተባለ ነው ያደገው። በዚህች አገር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው ምን ተብለው ሲሰደቡ እንደኖሩ እናውቃለን፤ አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ አለፈ፣ ስድቡ ግን ትምህርት ቤት ገብቶ ሥርዓተ ትምህርት ሆነ። ወላጆቻችን ‹‹የእጅ ሥራ›› የሚባል ክፍለ ጊዜ እንደነበራቸው ይነግሩናል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አለ፤ መልካም ነው። ብዙ ቦታ ግን ክፍለ ጊዜው ሲደርስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ‹‹የሥዕል ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው›› ብሎ ይጽፋል፣ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ሥዕል በኖት! በሽታይነር ትምህርት ቤት የስድስትና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ሹራብ የሚሠራው ሹራብ ስለሚያስፈልገው አይደለም። ጥልፉ ሲሳሳት ፈትቶ እንደገና ይጀምራል፣ ሲቆጥር ሒሳብ ይማራል፣ ሲጨርስ ‹‹እኔ ሠራሁት›› የሚለው ነገር እጁ ላይ አለ። ይህን ለማድረግ የጀርመን ሱፍ አያስፈልገንም። ጥጥ አለን፣ ስንደዶና አክርማ አለን፣ ሸክላ አፈር አለን፣ ከመቶ ሜትር ርቀት ላይ ሰፌድ የምትሰፋ እናት አለች። መምህርት ብለው ቢጠሯት ምን ይላቸዋል?

‹‹የሀብታም ትምህርት ቤት ነው›› የሚለው ወቀሳ ግን እውነት አለበት፤ አንሸሸውም። ለትምባሆ ሠራተኛ ልጅ የተከፈተው ነገር ብዙ አገር የባለጸጋ መጫወቻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ካሊፎርኒያ ስላለ አንድ የዋልዶርፍ ትምህርት ቤት ጽፎ ነበር፤ የጎግልና የአፕል ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት፣ በክፍል ውስጥ አንድም ኮምፒውተር የሌለበት። ልብ በሉ፤ አፕልን የሚሠሩት ሰዎች ልጆቻቸውን ሹራብ ያሠራሉ፣ የእኛ ልጆች አፕል እያሉ ይሸመድዳሉ። ግን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሄዳችሁ አሌክሳንድራና ካየሊሻ ብትገቡ፣ በቆርቆሮ ቤቶች መሀል የዋልዶርፍ ትምህርት ቤት ታገኛላችሁ። ስለዚህ የድሃ ሰፈር አይችለውም የሚለው አይሠራም።

ሽታይነርን ቅዱስ አናደርገውም። ስለ ሰው ዘር የጻፋቸውና የተናገራቸው ነገሮች አሉ፤ ጥቁር ሰው ሆኖ እነሱን አንብቦ ዝም ማለት አይቻልም። ስለ መንፈሳዊው ዓለም ያስተማረውን ብዙውን እኛም አንቀበለውም። በአውሮፓ አንዳንድ የዋልዶርፍ ትምህርት ቤቶች ክትባት በሚሸሹ ወላጆች ምክንያት ኩፍኝ ተዛምቶባቸዋል፤ ይህንንም እዚያው ይተዉልን። ናዚዎች ትምህርት ቤቶቹን መዝጋታቸው፣ የሽቱትጋርቱንም እ.ኤ.አ. በ1938 መዝጋታቸው ሰውየውን ከነቀፋ አያድነውም። እኛ የምንፈልገው መጽሐፉን አይደለም፤ በር ላይ የሚጨበጠውን እጅ ነው።

‹‹መንግሥት ምን ያድርግ?›› ለምትሉ፦ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ እጀምራለሁ ስትል ‹‹ከየት አምጥታ?›› ያልን እኛው ነበርን። ተጀመረ፣ ልጆችም በሉ። ሆድ ከጠገበ እጅን ማጥገብ ያን ያህል አይከብድም። ለቅድመ አንደኛ ክፍል አንድ ጆንያ ሸክላ አፈር፣ ትንሽ የጓሮ መሬትና ተረት የሚያውቁ ሁለት አዛውንቶች ይበቃሉ። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ አማካሪ አያስፈልግም።

የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ወላጆች መሰለፋቸው አይቀርም። ውድ እናቶችና አባቶች፣ ወረፋው ላይ ቆማችሁ ‹‹በስንት ዓመቱ እንግሊዝኛ ይናገራል?›› ብላችሁ አትጠይቁ። ‹‹አስተማሪው የልጄን ስም በስንት ቀን ያውቃል? በአፉ የፈታበትን ቋንቋ ቢናገር ምን ታደርጉታላችሁ? ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ይጫወታል?›› ብላችሁ ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩ ለመጨረሻዋ ጥያቄ ‹‹ቅዳሜ ቅዳሜ›› ካሏችሁ፣ ያቺን ከባድ ቦርሳ ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱ።