በመተማ ቈላ ለአዝመራ ስለሚመጣው እንግዳ ሠራተኛ

ሰሊጥ እንደ ሌላው እህል ቀጠሮ አይሰጥም። ደርሶ ጥቂት ቀን ቢዘገይ የፍሬው መያዣ ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ያለው ባለእርሻ አዝመራው በደረሰ ጊዜ የሚያጭድ ሰው ከየትም ይምጣ ብሎ ይፈልጋል። ከደጋ የሚወርደው ወገናችን እጅግ ብዙ ነው፤ ከሱዳን የሚሻገርም አለ። ይልቁንም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቶ በኩመርና በአውላላ ሰፍሮ ነበር።

ለመተማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በዚያ ሳይወድቁ አስቀድሞ ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ የመጡ ተክሩሪዎች በመተማ ተቀምጠው ጥጥ ያለሙ፣ ገበያውንም ያደሩ ነበር። ግብራቸውንም ለኢትዮጵያም ለግብጥም ይከፍሉ ስለ ነበር ማንነታቸው ያልታወቀ አልነበረም።

የዛሬው ሠራተኛ ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ይህ ለመሐንዲስና ለፋብሪካ ባለሙያ የተመቸ ነው፤ ለአንድ ወር ሰሊጥ ለሚያጭድ ሰው ግን ምን ይረባዋል? የስደተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛው ለውጭ ዜጎች በተፈቀደው ከሁሉ በተሻለ ሁኔታ ተቀጥሮ እንዲሠራ መብት ሰጥቶታል። ፈቃዱ ከእርሻው ዳር ካልደረሰ ግን መብቱ በጽሕፈት ይቀራል።

ስለዚህ አጫጁ ያለ ወረቀት ይሠራል፤ ባለእርሻውም ያለ ወረቀት ያሠራል። ነዶው ከተከመረ በኋላ ደመወዙን ቢከለከል ወደ ዳኛ ለመሄድ ይፈራል፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለ አገባቡ ነውና። በሜዳ ሲተኛ ካላዛር ቢይዘውም ከሐኪም ፊት መቅረቡን ይሠጋል። አቤት ማለት የማይችል ሰው በርካሽ ስለሚገኝም የእርሱ ዋጋ መውረድ ከደጋ የወረደውን የወገናችንን ዋጋ አብሮ ያወርዳል። ኦሪት ዘዳግም የምንደኛው ደመወዝ በዕለቱ እንዲከፈል ሲያዝ አገሬውን ከመጻተኛው እንዳልለየ ካህናቱ ያውቁታል።

የወሰኑ ነገር ያሰጋል የሚሉ ሹማምንት አሉ። የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም. በአል ፋሽጋ በኩል የገባበትን ቦታ ያየ ሰው ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይበልጥ የሚያሰጋው የትኛው ነው? ስሙና አሠሪው ታውቆ የገባው ነው ወይስ በሌሊት በጫካ የተሻገረው?

ስለዚህ መንግሥት ለአንድ አዝመራ ብቻ የሚያገለግል የሥራ ወረቀት በዚያው በመተማ ከተማ እንዲሰጥ ቢያደርግ መልካም ነው። በወረቀቱም የሠራተኛው ስም፣ የባለእርሻው ስምና የተስማሙበት ደመወዝ ይጻፍበት። ያለ ወረቀት የተገኘ እንደ ሆነ ቅጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ በቀጠረው ባለእርሻ ላይ ይውደቅ፤ ሠራተኛውን ወደ ወሰን ከመሸኘት በፊትም የሠራበት ይከፈለው።

ከገላባት ማዶ በገዳሪፍ እርሻ የእኛ ልጆች ያለ ወረቀት ለአጨዳ ሲሄዱ ብዙ ዘመን ሆኗል። የሱዳን ሹም ለእነርሱ ደመወዝ ዳኛ እንዲሆን የሚላከው የመንግሥታችን ደብዳቤ፣ እኛ በመተማ የጀመርነው መዝገብ ቢታከልበት ይሰማል።