አክሲዮንን ይዞ መቆየትና መሸጥ ከሠርቶ አደሩ ጥቅም አንጻር

ስለ አክሲዮን በተነሣ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይደመጣሉ። አንደኛው «ገዝተህ ያዝ፤ ትርፉን ከዓመታት በኋላ ታያለህ» ሲል፣ ሁለተኛው «ዋጋው ሳይወድቅ ሽጥ» ይላል። ክርክሩ ለረዥም ዘመን የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ ይታየን ነበር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን እያንዳንዱ በ300 ብር፣ ከ33 ባላነሰ ቁጥር ለሕዝብ ሲቀርብ፣ በዚያው ዓመት ጥር ወርም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት ግን ጉዳዩ ወደ ቀበሌያችንና ወደ ፋብሪካችን ገባ። ዝቅተኛው ግዢ 9,900 ብር ነበር። ይህ ለብዙው ወዝ አደር ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ ነው።

ይዞ የመቆየት አመለካከት መሠረት የሌለው አይደለም። በየሳምንቱ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ለአገናኙ ኮሚሽን ከመክፈሉም በላይ፣ በአብዛኛው የሚገዛው ሌላው ሲጓጓ፣ የሚሸጠው ደግሞ ሌላው ሲደነግጥ ነው። በዚህ ንግድ የሚወፍረው አገናኙ ነው። ይህን እንቀበላለን።

ነገር ግን «ያዝ» የሚለው ምክር ያዡ መያዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል። በኒውዮርክ የዳው ጆንስ መለኪያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1929 ከደረሰበት 381 ነጥብ ተንኮታኩቶ በ1932 ወደ 41 ወረደ፤ የቀድሞ ከፍታውን ያለፈው በ1954 ነው። በ1929 የአርባ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሠራተኛ ያኔ 65 ዓመት ሞልቶታል። የትርፍ ድርሻውን ብንቆጥርለት እንኳ፣ ሥራ አጥቶ ልጆቹን ለማብላት የተጣጣረ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት በምን አቅሙ ይጠብቃል? ሊሰመርበት የሚገባው ነባራዊ ሐቅ ይህ ነው፦ የአክሲዮኑን ዋጋ የሚጥለው ቀውስና የፋብሪካውን በር የሚዘጋው ቀውስ አንድ ነው። ባለሀብቱ ሌላ ጎተራ ስላለው ይታገሣል፤ ወዝ አደሩ ዋጋው በወደቀበት በዚያው ወር ለመሸጥ ይገደዳል። የወደቀውንም የሚሰበስበው ያ ባለ ጎተራ ነው።

ከዚህ የከፋው የኤንሮን ነገር ነው። በዚህ የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ የሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ ከ60 በመቶ በላይ በኩባንያው በራሱ አክሲዮን የታሰረ ነበር። ኩባንያው በመዋጮ መልክ የሰጣቸውን አክሲዮን ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው መሸጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ሊቀ መንበሩ ኬኔት ሌይ አክሲዮኑ በርካሽ የሚገኝ መልካም ግዢ መሆኑን ለሠራተኞቹ አበሠረ፤ እርሱ ራሱ ግን በዚያው ዓመት የብዙ ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ለኩባንያው መልሶ ሸጧል። ዋጋው በመውደቅ ላይ ሳለ የጡረታው ሒሳብ ወደ ሌላ አስተዳዳሪ ይዛወራል ተብሎ ለቀናት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2000 እስከ 90 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው አክሲዮን፣ ኩባንያው በታኅሣሥ 2001 የኪሣራ አቤቱታ ሲያቀርብ አንድ ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር። ደመወዙም ጡረታውም በአንድ ቀን ሄደ። የበላዮቹ ሲሸጡ የበታቾቹ ያዙ፤ ይህን ትዕግሥት ብሎ መጥራት በሠራተኛው ላይ ማላገጥ ነው!

ከኑሮ ውድነት የተነሣ ገንዘብ በእጅ ሲቀመጥ እንደሚሟሽሽ እናውቃለን፤ አክሲዮን መግዛትንም አናወግዝም። የምንለው፣ የመያዝና የመሸጥ ጥያቄ የሚወሰነው በግዢው ቀን መሆኑን ነው። ለሚቀጥሉት ዓመታት የማይፈለግ፣ ከቤት ኪራይና ከሕክምና የተረፈ፣ በአንድ ኩባንያ ብቻ ያልተከማቸ፣ በተለይም ገዢው ተቀጥሮ በሚሠራበት ድርጅት ያልታሰረ ገንዘብ ከሆነ ይዞ መቆየቱ ያዋጣል እንላለን። ዕቁቡ ቀድሞ ደርሶት ገንዘቡን በአክሲዮን ላይ ያዋለ ሰው ግን፣ የቀሩትን ዙሮች ገና የሚከፍል ባለ ዕዳ ነው። ደመወዙ የተቋረጠ ዕለት፣ የዕቁቡ ዳኛ በሩን ሲያንኳኳ፣ ገበያው ባቀረበለት ዋጋ ይሸጣል፤ ያውም ገዢ ከተገኘ።