ከፊተኛውና ከኋለኛው ፎቶግራፍ መካከል

በየመሥሪያ ቤቱ አዳራሽና በየዓመቱ በሚታተመው የሥራ መግለጫ ላይ ሁለት ፎቶግራፍ ጐን ለጐን ተደርጎ ማየት ከተለመደ ብዙ ጊዜ ሆኗል። በፊተኛው ጭቃና ያዘመመ አጥር ይታያል፤ በኋለኛው የተነጠፈ መንገድና የመብራት ምሰሶ ይታያል፤ ከግርጌውም «ቀድሞ» እና «አሁን» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ፎቶግራፎች እውነተኞች ናቸው፤ የተደከመበትንም ሥራ ያለ ሐሰት ይመሰክራሉ። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሰው የለም። በዚያ አጥር ውስጥ ይኖር የነበረው ማን እንደ ሆነ፥ አጥሩ በፈረሰ ዕለት ዕቃውን በምን እንዳጓዘ፥ ዛሬም ወዴት እንዳለ ሥዕሎቹ አይናገሩም። ተመልካቹም አይጠይቅም፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ከታየው ዘንድ ታሪኩ የተፈጸመ ይመስለዋልና።

ነፋስ ስልክን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። የሰፈሩ ስም ያለ ሽቦ በነፋስ የሚላከውን ቃል የሚያስታውስ ነው፤ የጎረቤቱ የጎተራም ስም ከእህል ማከማቻው የመጣ ነው። በፋብሪካና በጋራዥ ሥራ የታወቀው ይህ የከተማው ደቡባዊ ወገን ባለፉት ዓመታት መልኩ እጅግ ተለውጧል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ቀላል ባቡር በጎተራ፥ በነፋስ ስልክና በሳሪስ አልፎ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ በጀሞ በኩልም የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የብዙ ጐዳናዎችን መልክ ለውጧል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልታጣም፤ በእጁ ስልክ ያለው ሁሉ ያነሣል። የታጣው፥ ከተነሣው ከብዙው ውስጥ አምስቱን ወይም ሰባቱን መርጦ፥ ተራ አስይዞ፥ ታሪክ እንዲናገሩ የሚያደርግ ሰው ነው።

ሥዕልን ተራ ማስያዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፍለው የሚሥሉ ሠዓሊዎች ይህን ጥበብ ጠንቅቀው ያውቁታል። ሥዕሉ ከዘንዶው መገደል ይጀምራል፤ በነጋዴው በታምሪን ወሬ ንግሥቲቱን ወደ ኢየሩሳሌም ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ቀዳማዊ ምኒልክና ወደ ታቦተ ጽዮን ያደርሳል። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ንግሥቲቱ በሌሊት ውሃ ስትጠጣ ያሳያል። ይህ ክፍል ብቻውን ተቆርጦ ቢታይ የተጠማች ሴት ከማሳየት የሚያልፍ ትርጓሜ የለውም። ነገር ግን ሰሎሞን በብልሃት ያቀረበው ቅመም የበዛበት ማዕድ ከእርሱ በፊት ስለ ታየ፥ መሐላውም ስለሚታወቅ፥ ያች ጥቂት ውሃ ምን ዋጋ እንዳስከፈለች ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የጌታችን ሕማማት የሚሣልበትም ሥርዓት ይኸው ነው። ትርጓሜው በአንዱ ሥዕል ውስጥ ሳይሆን በተራው ውስጥ ይገኛል።

በፎቶግራፍም የዚህ ምሳሌ አለ። ዩጂን ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በኮሎራዶ ውስጥ ክሬምሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ኧርነስት ሴሪያኒ የተባለውን ሐኪም 23 ቀን ያህል ተከትሎ አነሣው፤ ሥራውም «የገጠር ሐኪም» ተብሎ መስከረም 10 ቀን 1941 ዓ.ም. በ«ላይፍ» መጽሔት ወጣ። ሐኪሙ ካሜራውን እስኪለምድ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊልም ሳይኖርበት ያነሣ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ለመቸኰል የሚወዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ይጠቅማቸዋል። ከዚያ ሥራ እጅግ የታወቀው ፎቶግራፍ አንዲት እናት ከነሕፃንዋ በወሊድ ከሞተችበት በኋላ ሐኪሙ በሌሊት የቡና ስኒ ይዞ ደክሞት የሚታይበት ነው። ፎቶግራፉ ብቻውን የደከመ ሰው ምስል ነው፤ ሐኪሙን በየበሽተኛው አጠገብ አስቀድሞ ያየ አንባቢ ግን ድካሙ የምን ድካም እንደ ሆነ ያውቃል።

ከኢትዮጵያውያን ወገን ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቀለም ቅብ ተምሮ ከተመረቀ በኋላ፥ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ባለሙያ ነው። «የወደፊት ትዝታዎች» ተብሎ በሚተረጐመው ተከታታይ ሥራው የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች አንሥቷል። ይህ የባለሙያ ድካም ነው፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ባለሙያ እስኪመጣለት መጠበቅ አያሻውም።

ለምሳሌ ያህል በነፋስ ስልክ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ድንች በጉልት የምትሸጥ አንዲት እናት ከቦታዋ እንድትነሣ ቢታዘዝ፥ ነገሩ በአምስት ፎቶግራፍ ሊነገር ይችላል። በመጀመሪያው ማለዳ ማዳበሪያዋን አንጥፋ ሽንኩርቱን መደብ መደብ ስታደርግ፤ በሁለተኛው ማታ ከፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች ከብበዋት ሲገዙ፤ በሦስተኛው እጇና የዱቤ ደብተርዋ ብቻ፤ በአራተኛው ዕቃዋን በጋሪ ስታስጭን፤ በአምስተኛው በተሰጣት አዲስ ስፍራ ተቀምጣ ትታያለች። የሁሉ ቁልፍ ሦስተኛው ነው። ዱቤ የሚሰጠው ለሚያውቁት ሰው ነውና፥ ያን ደብተር አይቶ ወደ አምስተኛው የሚያልፍ ሹም አዲሱ ስፍራ ንጹሕና ሰፊ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፥ ደንበኞችዋ አብረዋት አለመዛወራቸውንም ይገነዘባል። ይህንኑ በመግለጫ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ባስፈለገ ነበር፤ ምናልባትም የሚያነበው ባልተገኘ ነበር።

ይሁን እንጂ ተራ የማስያዝ ሥልጣን የማሳሳትም ሥልጣን ነው። ያ አምስተኛው ፎቶግራፍ ገበያ በማይቆምበት በበዓል ቀን ቢነሣ ሴትዮዋ ብቻዋን ተቀምጣ ትታያለች፤ ሥዕሉ ሐሰት ሳይሆን ነገሩ ሐሰት ይሆናል። ሹሙን ደስ ለማሰኘት ጐረቤት ተጠርቶ ገዢ መስሎ ቢቆምም ያው ነው። የዚህን ኃይል ኢትዮጵያ አይታዋለች። የወሎ ረኃብ ተሸሽጎ ሳለ ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው «ያልታወቀው ረኃብ» የተባለው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፤ የብዙ ሰውንም ልብ ለእርዳታ አነሣሣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ይኸው ፊልም፥ የቤተ መንግሥቱን ድግስ የሚያሳዩ ሥዕሎች በመካከሉ ገብተውበት፥ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የረኃቡ ሥዕል እውነት ነበር፤ የድግሱም ሥዕል እውነት ነበር። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያደረገው እጅ ግን ሦስተኛ ቃል ተናገረ፤ ሕዝቡም ያን ሦስተኛውን ቃል እንደ ሁለቱ ሁሉ በዓይኑ ያየው መሰለው። በዚህ ምክንያት ረኃቡን የሸሸጉት ሰዎች ጥፋት አይቀልም። እንዲያውም እውነተኛውን ተራ በጊዜው ያላሳዩ ስለ ሆኑ፥ ሌላው በወደደው ተራ ሲያሳይባቸው የሚመልሱት ቃል አልነበራቸውም።

እንግዲህ በየወረዳው የሚሠራ ሹም ሰፈሩ ከመነሣቱ በፊት፥ በሚነሣበት ዕለት፥ ሰዎቹም በገቡበት ስፍራ ከጥቂት ወራት በኋላ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ቢያዝ ወጪው ጥቂት ነው። ቀኑ፥ ስፍራውና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍበት፤ ቀን የሌለው ፎቶግራፍ ፊርማ እንደሌለው ደብዳቤ ነውና። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ፊቱ አይነሣ፤ በዱቤ ደብተሩም ላይ የባለዕዳው ስም እንዳይነበብ መጠንቀቅ ያሻል። ምርጫውም ለአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ አይተው፤ ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ተራውን ተመልክቶ «እንዲህ ነበር» ወይም «እንዲህ አልነበረም» ይበል። ካህናትም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው፤ ሰፈሩ ሲበተን ማን ወዴት እንደ ገባ ከመዝገቡ ይልቅ የነፍስ አባቱ የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በስልክ ውስጥ ብቻ የቀረ ሥዕል ከስልኩ ጋር ይጠፋልና፥ አንዱ ቅጂ በወረዳው መዝገብ ቤት፥ አንዱ በዕድሩ ዘንድ፥ አንዱም ወመዘክር እየተባለ በሚጠራው በአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ መልካም ነው። «ቀድሞ» እና «አሁን» የሚሉት ሁለቱ ፎቶግራፎችም ከአዳራሹ ግድግዳ መውረድ አያስፈልጋቸውም፤ በመካከላቸው ሦስት ፎቶግራፍ የሚሰቀልበት ስፍራ ይተውላቸው።